የመታዘዝ ቃላትና የ«ንጉሥ ሊር» አገልጋዮች

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መታዘዝን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። «ኦቢዲየንት»፣ «ዱቲፉል»፣ «ዶሳይል»፣ «ሰብሚሲቭ»፣ «ኦብሲክዊየስ»፣ «ሰርቫይል» ከእነዚሁ ጥቂቶቹ ናቸው። የቸኮለ ተርጓሚ ሁሉንም «ታዛዥ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚጎድለው የቋንቋ ጌጥ ብቻ አይደለም። አንዱ አምኖበት የሚፈጽመው፣ ሌላው ፈርቶ የሚያጎነብስለት፣ ሦስተኛው ጥቅም ሽቶ የሚሽቆጠቆጥለት ትእዛዝ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል፤ በመድረክም ላይ ታማኙና አድርባዩ አንድ ልብስ ለብሰው ይቆማሉ።

ልዩነቱን ለመረዳት በቅድሚያ የቃላቱን ሥር መመልከት ይገባል። «ኦቢዲየንት» የላቲን ውላጅ ሲሆን በሥሩ ያለው መስማት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም፤ እናት ስለ ልጇ «አይሰማም» ስትል አይታዘዝም ማለቷ ነውና። እንግዲህ ቃሉ የሚመሰክረው ትእዛዝ መሰማቱንና መፈጸሙን ነው፤ የፈጻሚው ልብ ምን እንዳለ አይናገርም። «ዱቲፉል» የሥር ዝምድናው ከዕዳ ጋር ነው፤ ሰውየው ያለበትን፣ የሚገባውን ይፈጽማል፤ አዛዥ ባይኖርም ግዴታው አይቀርም። «ዶሳይል» ማስተማር ከሚል የላቲን ግስ የወጣ በመሆኑ በጥንት ትርጉሙ ትምህርት ለመቀበል የተዘጋጀን ሰው ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ለመንዳት የማያስቸግር፣ እንደ ለማዳ ከብት የተገራ ማለት ሆኗል። «ሰብሚሲቭ» ራሱን ከሌላው ሥር ያደረገ፣ ፈቃዱን ያስረከበ ነው። «ሰርቫይል» ከባሪያ ስም የተወለደ ስለሆነ ውርደትን ከነነፍሱ ይዞ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ የ«ኦብሲክዊየስ» ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። ሥሩ መከተል ማለት ሲሆን ዛሬ የሚያመለክተው አጎብዳጅን ነው። በሼክስፒር ዘመን ግን ሁለት ፊት ነበረው። በ«ሐምሌት» ውስጥ ልጅ ለሟች አባቱ የሚገባውን ኀዘን ይገልጻል፤ በ«ኦቴሎ» ውስጥ ደግሞ ኢያጎ ጉልበታቸውን እያጠፉ ዕድሜያቸውን በሎሌነት በሚጨርሱት ላይ ሲያፌዝ ይህንኑ ቃል ያነሣል። አንድ ደራሲ አንዱን ቃል ለክብርም ለንቀትም ካዋለው፣ ትርጉሙን ቆርጦ የሚያሳየው ተናጋሪው የቆመበት ሁኔታ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታይበት ተውኔት በ1608 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «ንጉሥ ሊር» ነው። ንጉሡ መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ሲነሣ ፍቅራቸውን በአደባባይ እንዲናገሩ ያዛል። ጎነሪልና ሪገን ትእዛዙን ሰምተው ወሰን የሌለው ፍቅር ይደረድራሉ፤ ድርሻቸውን ከያዙ በኋላ ግን በር ይዘጉበታል። ኮርዴሊያ አባቷ ስላሳደጋትና ስለወደዳት የሚገባውን መታዘዝ፣ መውደድና ማክበር እንደምትመልስለት ትናገራለች፤ ከዚያ አታልፍም። የእርሷ ቃል የ«ዱቲፉል» ነው፤ ዕዳውን የሚያውቅ ሰው ልኩንም ያውቃል። ኬንት የንጉሡን ቁጣ ተቃውሞ ከአገር ይባረራል፤ ነገር ግን መልኩን ለውጦ ተመልሶ ያንኑ ንጉሥ ያገለግላል። በ«ኦቢዲየንት» ሚዛን ኬንት ጥፋተኛ ነው፤ በ«ዱቲፉል» ሚዛን ግን የሚስተካከለው የለም።

የኬንት ተቃራኒ የጎነሪል አሽከር ኦስዋልድ ነው። እመቤቱ ያዘዘችውን ሁሉ ያደርጋል፤ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ የያዘው ደብዳቤ ለባለቤቱ እንዲደርስ ገዳዩን ይለምናል። ኤድጋር በሬሳው ላይ ቆሞ ሲናገር የሚሰጠው ስም ከዚያው ከተከበረው የግዴታ ቃል ቤት የወጣ ነው፤ ለእመቤቱ ክፋት ግዴታውን የተወጣ ይለዋል። ተርጓሚ በዚህ ቦታ «አጎብዳጅ» ብሎ ቢጽፍ ስድቡ ይደርሳል፤ ምጸቱ ግን ይሞታል። ሼክስፒር ያሳየው መልካሙ ቃል ራሱ ለክፉ ጌታ ሊያድር እንደሚችል ነውና።

ፈተናው ጫፍ የሚደርሰው ስም በሌላቸው ሁለት ሰዎች ላይ ነው። ኮርንዎል የግሎስተርን ዐይን ሲያወጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለው አሽከር ሰይፍ መዝዞ ይገታዋል፤ ካገለገለው አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠውም እጁን ሰብስብ ማለቱ እንደሆነ ይነግረዋል። ጌታውን ለሞት የሚያበቃ ቁስል ያቆስለዋል፤ ሪገን ደግሞ ከኋላው ወግታ ትገድለዋለች። በመጨረሻው ገቢር ላይ አንድ የጦር አዛዥ በእስር ላይ ያለችውን ኮርዴሊያን እንዲያስገድል የጽሑፍ ትእዛዝ ሲሰጠው፣ የሰው ሥራ እስከሆነ ድረስ እንደሚፈጽመው መልሶ ይሄዳል። «ታዛዥ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ቢኖር ኖሮ ምስጋናው ለዚህ፣ ወቀሳው ለዚያ ይሆን ነበር።

ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ከመለሰ ወዲህ የአማርኛ መድረክ ለሼክስፒር ባዕድ አይደለም፤ ቋንቋውም ለዚህ ሥራ ድኻ አይደለም። ቃል ሰሚ፣ ባለ አደራ፣ ገራም፣ ተገዥ፣ እሺ ባይ፣ አሽቃባጭ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት ሰውየው የማንን ቃል እንደሚሰማ፣ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ ፈቃዱን ይዞ ይሁን አስረክቦ እንደሚፈጽም መጠየቅ አለበት። ተዋናዩም አንገቱን ምን ያህል እንደሚደፋ የሚያውቀው ከዚህ መልስ ነው።

ጥያቄው ከመድረክም ይወርዳል። መምህር በተማሪው የውጤት ካርድ ላይ «ታዛዥ ነው» ብሎ ሲጽፍ ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን መጻፉ ነው? በጥንቱ ትርጉም «ዶሳይል» የሆነው ልጅ ትምህርቱን ሲቀበል ይጠይቃል፤ «ሰብሚሲቭ» የሆነው አይጠይቅም። ሁለቱ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጸጥ ሊሉ ይችላሉ፤ የሚለያዩት መምህሩ የተሳሳተ ነገር በሰሌዳው ላይ የጻፈ ዕለት ነው።