የተከፈተው ሣጥን፦ የ«ቲል» ፊልም ሂሳዊ ዳሰሳ

የቺኖንዬ ቹኩ «ቲል» (2022) ርእሱን ከልጁ ይውሰድ እንጂ ዋና ገጸ ባሕርይው እናቱ ማሚ ናት። የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1955 ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ ይወርዳል። መኒ በምትባል መንደር ሱቅ ውስጥ ነጭ ሴት ተዳፍሯል ተብሎ በሌሊት ይወሰዳል። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኑ ከታላሃቺ ወንዝ ይወጣል፤ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ማራገቢያ በእሾሃማ ሽቦ አንገቱ ላይ ታስሮበት ነበር።

የሴራው አወቃቀር ቀጥተኛ ነው፤ ንግሩ ግን በጥንቃቄ ተቀምጧል። ኤሜት ለጉዞው ያጠለቀው የአባቱ ቀለበት በመጀመሪያ የልጅ ኩራት ነው፤ ኋላ የሬሳው መለያ ይሆናል። ቹኩ ግድያውን አታሳየንም። ይህን ትልቁ የኪነ ጥበብ ውሳኔዋ እለዋለሁ፤ ጭካኔው ለዓይን መዝናኛ እንዳይሆን ከልክላለችና። በአስከሬን ክፍሉ ትዕይንት ካሜራው መጀመሪያ በጠረጴዛው ይከለላል። እናት ልጇን በእጇ ስትዳስስ ከፊቷ እናነባለን፤ ገላውን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው። ሣጥኑ ክፍት ሆኖ ሕዝብ እንዲያየው፣ «ጄት» መጽሔትም ፎቶውን እንዲያትም የወሰነችው ማሚ ናት። ካሜራው የእሷን ፈቃድ የጠበቀ ይመስላል።

ማሚን የምትጫወተው ዳንኤል ዴድዋይለር፣ በኤሜት ግድያ በተከሰሱት ሁለት ነጮች ችሎት ላይ፣ በምስክርነቱ ትዕይንት የደረሰችበትን ከፍታ ደጋግሜ አይቼ አልጠገብኩትም። ጠያቂዎቹ ከምስሉ ውጭ ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ካሜራው ለደቂቃዎች ሳይቆረጥ ፊቷ ላይ ይቆያል። የሞተው ልጅሽ መሆኑን በምን አወቅሽ ስትባል ሐዘን፣ ንቀትና ትዕግሥት በአንድ ፊት ላይ ይፈራረቃሉ። እንባዋን የምትውጠው ፈርታ አይደለም፤ ነጭ ወንዶች ብቻ በተቀመጡበት የጁሪ ወንበር ፊት ማልቀስ እንኳ እንደሚያስከስሳት ታውቃለች።

ሙዚቃው ግን ይህን ፊት አያምነውም። የአቤል ኮርዘኒዎፍስኪ ቅንብር በራሱ ያማረ ቢሆንም ዝምታ በሚበቃበት ቦታ እየገባ ስሜታችንን ይመራል። የመብት ታጋዮቹ፣ ሜድጋር ኤቨርስን ጨምሮ፣ ለመልእክት እንጂ ለሕይወት የተጻፉ አይመስሉም፤ ቃለ ምልልሳቸው ወደ ንግግር ያዘነብላል። የኤሜት ዘመድ ሞዝ ራይት በፍርድ ቤት ቆሞ በጣቱ ተከሳሾቹን ማመልከቱ የዘመኑ ታላቅ ድፍረት ነበር፤ ፊልሙ ግን ቸኩሎ ያልፈዋል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። የጁሪው አባላት ለ67 ደቂቃ ተማክረው ተከሳሾቹን ነፃ አወጡ፤ ሁለቱም በጃንዋሪ 1956 በ«ሉክ» መጽሔት ግድያውን በገንዘብ ተናዘዙ። ማሚ ያን ኑዛዜ የሰማችበት ሰዓት ትዕይንት አልሆነም። ያን ሁሉ መሸከም የቻለው የዴድዋይለር ፊት ይህንንም በቻለ ነበር።