የእባብ ጥይት እንዴት ይመዘናል

በአሜሪካ ደረቅ ምዕራብ፣ በአሪዞናና በቴክሳስ በኩል፣ አጥር የሚጠግን ወይም ከብት የሚጠብቅ ሰው ሪቮልቨር የሚታጠቀው ብዙ ጊዜ ጭራውን እያንቃጨለ ለሚያስጠነቅቀው እባብ ነው። የእባብን ራስ በአንድ አረር ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ በአረሩ ፈንታ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ የታጨቀበት ጥይት ይጎርሳል። ሲሲአይ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ባለ .38 ጥይት 6.5 ግራም ያህል ቁጥር 9 ፍሬ ይይዛል፤ 130 ገደማ ፍሬ ማለት ነው፣ የእያንዳንዱም ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ሰዎች ግን የራሳቸውን እጅ ሥራ ይመርጣሉ፤ ክርክሩም የማን ይሻላል የሚለው ላይ ነው።

ዳኛው ወረቀት ነው። ሰፊ ወረቀት በ3 ሜትር ርቀት ይሰቀልና ይተኮስበታል። ጀማሪ ስንት ፍሬ እንዳረፈ ይቆጥራል። ዓዋቂ የሚፈልገው ባዶውን ቦታ ነው፤ የእባብ ራስ የሚያክል ክፍተት መሀል ላይ ካገኘ የቀረው መቶ ቀዳዳ አያጽናናውም።

ክፍተቱ የሚመጣው ከሽጉጡ ነው። በበርሜሉ ውስጥ የተቆረጠው ጠመዝማዛ መስመር አረርን ለማሽከርከር የተሠራ ስለሆነ ፍሬዎቹንም ያሽከረክራቸዋል፤ ከአፈሙዙ ሲወጡ ወደ ጎን ይበተኑና ወረቀቱ ላይ ቀለበት ሠርተው መሀሉን ባዶ ይተዋሉ። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን .38 መስመሩ በ47.6 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር ይዞራል። ሙሉ በሙሉ የተሽከረከረ የዳር ፍሬ እንግዲህ በ3 ሜትር ርቀት ከመሀሉ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። ባሩድ በመጨመር ይሰበሰባል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ከንቱ ድካም ነው። ፍጥነቱ ሲያድግ ሽክርክሪቱም እኩል ያድጋል፣ የመበተኛው ማዕዘን ያው ይሆናል። ስለዚህ ወረቀት ሳያሳይ በጉልበቱ የሚመካ ሠሪ አያሳምነኝም። መስመሩን ጨርሶ የማስቀረት ሐሳብም በዚያ አገር ቀላል አይደለም፤ የ1934 ፌዴራል ሕግ እንዲህ ላለው ጥይት የተሠራ ልሙጥ በርሜል ሽጉጥን በልዩ ምዝገባ ሥር አስገብቶታል። ቶምፕሰን ሴንተር ለኮንቴንደር ሽጉጡ መፍትሔ ያደረገው፣ ሽክርክሪቱን የሚገቱ ቀጥ ያሉ ቦዮች ያሉትን አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ማጥበቂያ ነው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። ግራጫ የእርሳስ ልጣጭ ከለበሰ ፍሬዎቹ ብረቱን እየፋቁ አልፈዋል ማለት ነው። የተፋቀ ፍሬ ጎኑ ይጠፈጠፋል፣ የተጠፈጠፈ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ፍሬዎቹን በፕላስቲክ ቅርፊት ያለበሰ ሠሪ እዚህ ላይ ይበልጣል።

ጥይቱን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ከተንሿሿ ፍሬዎቹን ከፊት የሚይዘው ውታፍ ላልቷል። ሚዛን ግን ብዙ አይነግርህም። የእርሳሱ ክብደት ከጥይት ጥይት ትንሽ ቢለያይ ያ ልዩነት ብቻውን የጎደለ ባሩድን ይሸፍናል።

እኔ ከሁሉ የምመካበት ፈተና ሌላ ነው። ከሲሊንደሩ ስድስት ጉድጓዶች በአንዱ የእባብ ጥይት፣ በአምስቱ መደበኛ ጥይት ይጎርስና አምስቱ ብቻ ይተኮሳሉ። ከዚያ ያልተተኮሰችው ትወጣለች። የአምስቱ ርግጫ ውታፉን ወደ ፊት ገፍቶት እንደሆነ በዓይን ይታያል፤ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ካለ ሲሊንደሩ መዞር ያቆማል፣ ባለቤቱም እባቡ ፊት የተቆለፈ ብረት ይዞ ይቀራል። ቀለሁ አፉ ላይ እኩል ተጠቅልሎ ውታፉን የያዘ ሥራ ከዚህ ፈተና ሳይነቃነቅ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚተኩሰው ሠሪው ራሱ፣ በራሱ ሽጉጥ ነው፤ የማያውቁት ሰው የሞላውን ጥይት መተኮስ ድፍረት አይባልም።

በመጨረሻ ሣጥኑን አገላብጠው። የተሞላበት ቀን፣ የፍሬው ቁጥር፣ የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ የታሰበለት ሽጉጥ ካልተጻፈበት፣ ጥይቱ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ እኔ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።