የአጣጥ መርዝና ማያያዣው

ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለሚወርድ መንገደኛ አጣጥ እንግዳ ተክል አይደለም። በማሳ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይበቅላል። እሾሃም ነው፤ ጥቃቅን ነጫጭ አበባ ያወጣል፤ ለአጥር ካልተፈለገ በቀር ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የጡት ካንሰርን ከሚያክሙት እጅግ ረቂቅ መድኃኒቶች አንዱ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዚሁ ከአጣጥ ወገን፣ ከኢትዮጵያ ምድር ከተለቀመ ተክል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው ከተክሉ ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ቅንጣት ከዚያ ሁሉ ክምር አጥርቶ ማውጣት፣ ቅርጹንም ማንበብ በራሱ ትልቅ ሙያ ነው።

ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ቀጫጭን ቱቦዎች ይሠራል፤ ክሮሞሶሞቹን እንደ ገመድ ወደ ሁለት ጎን የሚስቡት እነዚህ ናቸው። ሜይታንሲን ቱቡሊኑን ይይዝና ቱቦው እንዳያድግ ያደርገዋል። ሴሉ ክፍፍሉን ሳይጨርስ ይሞታል። ችግሩ የታመመውን ከጤነኛው አለመለየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር በሽተኞቹን በትውከት፣ በተቅማጥና በነርቭ ጉዳት አሠቃየ፤ ጥቅሙም ትንሽ ሆነ። ተተወ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ኢሚዩኖጅን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነበሩ ኬሚስቶች መርዙን ለማለዘብ አልሞከሩም፤ የሚደርስበትን ቦታ የሚያውቅ ተሸካሚ ፈለጉለት። ተሸካሚው ትራስቱዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ገጽ ላይ በብዛት የሚገኘውን ኸር2 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል። መርዙም ከቁጥቋጦ መለቀሙ ቀረ፤ መነሻው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ከሚራባ ባክቴሪያ ይገኛል።

ጥበቡ ያለው ሁለቱን በሚያገናኘው ማያያዣ ላይ ነው። በደም ውስጥ ከላላ መርዙ በየቦታው ይፈስሳል። ስለዚህ በቀላሉ በማይፈታ የሰልፈር ትስስር ጠበቅ አድርገው አሰሩት። በአንድ ፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚጫነው መርዝ በአማካይ 3.5 ሞለኪውል ነው፤ ሲበዛ ተሸካሚው ከደም ቶሎ ይወገዳል፣ ሲያንስ የመግደል ኃይሉ ይደክማል። የካንሰሩ ሴል ተሸካሚውን ከነጭነቱ ውጦ ሲፈጨው ማያያዣው አይፈታም፤ መርዙ ላይሲን የተባለች አንዲት የፕሮቲን ቅንጣት እንዳንጠለጠለ ይቀራል። ያቺ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላት መርዙ የሴሉን ሽፋን አልፎ ወደ ጎረቤት ሴል መሻገር ይከብደዋል፤ እዚያው በገባበት ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በዓይን በማይታይ ነገር ላይ ሲሠራ ማየት ልብ ይሞላል።

991 በሽተኞች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀድሞው ሕክምና የመካከለኛው የመኖር ዘመን 25.1 ወር ሲሆን በአዲሱ መድኃኒት 30.9 ወር ሆነ። ካድሳይላ በሚል ስም በአሜሪካ የተፈቀደው በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ነው። ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን ፕሌትሌት ይቀንሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል፤ ኸር2 ለበዛበት ካንሰር ብቻ ስለሚሆን መጀመሪያ ናሙናው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

ስለዚህ አደራ፦ አጣጥ ቀቅላችሁ ለካንሰር አትጠጡ። መርዙን መድኃኒት ያደረገው ማያያዣውና ልኩ ነው፤ እነርሱ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ የሉም። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ወይም እኅት፣ ባያማትም እንኳ፣ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ናሙናዋም ይመርመር።