ፈርቶ የቆመ ወታደር

ጁሊያን ጎሎፕና ወንድሙ ኒክ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት «ኤክስ-ኮም»፣ ምድርን ከወረሩ ባዕዳን ፍጡራን ጋር ተራ በተራ እየተጠባበቁ የሚዋጉበት የኮምፒዩተር ጌም ነው። ምስሉ አርጅቷል፤ ወታደሮቹ ጥፍር ያህላሉ። ከሥራው ሁሉ እኔ የማደንቀው ግን ዓይን የማያየውን ሒሳቡን ነው።

እያንዳንዱ ምልምል ሲቀጠር የድፍረት ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ከ10 እስከ 60፣ በአሥር በአሥር እየዘለለ። ውጊያ ሲጀመር የሁሉም ሞራል 100 ነው። ተራ ጓድ ሲሞት ድፍረቱ 10 የሆነው 20 ነጥብ ሞራል ሲያጣ፣ 60 የሆነው የሚያጣው 10 ነው። የሞተው አለቃ ከሆነ ሐዘኑ ይከብዳል። ሞራል ከ50 ከወረደ በኋላ በየዙሩ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው የከፋበት ባለበት ይደርቃል፣ ወይም መሣሪያውን ጥሎ ይሸሻል፣ ወይም አብዶ ዙሪያውን ይተኩሳል። ይህ የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጓዱ አጠገብ ላቆመው ተጫዋች ጭካኔ ነው።

ደፋሩ ታዲያ ምን ተረፈው? አጥብቆ አይመታም፣ ፈጥኖም አይሮጥም። ፍርሃቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም።

የእጅ ሥራው ረቂቅነት የሚታየው ይህ ነጥብ በሚያድግበት መንገድ ነው። ተኩስ በመተኮስ ይሻሻላል። ድፍረት ግን የሚጨምረው ሞራሉ ከ50 በታች ወርዶ፣ ዕጣው ተጥሎ፣ ሳይሸበር ለቆመ ወታደር ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ከውጊያው በኋላ 10 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል እንጂ ዋስትና የለውም። ጠላትን በርቀት እየለቀመ አንዴም ሳይደነግጥ የሚመለሰው አነጣጣሪ፣ ደረት ሙሉ ኒሻን የሚገባው ቢሆን እንኳ ድፍረቱ እንደተቀጠረ ይቀራል።

ብልኅነትስ? ለወታደሮቹ አልተሰጠም፤ እሱን ተጫዋቹ ራሱ ያምጣ ተብሎ የተተወ ይመስላል። ለጠላት ግን ተሰጥቷል፤ ሥራውም አንድ ነው፦ ወታደር ያየበትን ቦታ ለስንት ዙር እንደሚያስታውስ መወሰን። ደነዙ ፍጡር፣ ከግንብ ኋላ ከተደበቁና ጥቂት ከታገሡ ይረሳል። ብልኁን እንዲህ አያመልጡትም፤ ታይቶ የተደበቀ ወታደር መደበቂያውን ቶሎ መቀየር አለበት።