ምስጋና ለላጲስ

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተገጥሞ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር፣ የመጀመሪያው መሣሪያ የሚገኘው ከተማሪ ቦርሳ ነው፦ ላጲስ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምትክ ካርድ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ያስኬዳል፤ ላጲስ ግን ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም ደብተር የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፣ ካርዱን ማውጣት፣ ከዚያ ከታች የተደረደሩትን በስሱ ወርቅ የተለበጡ ጥርሶች በቀስታ መፈግፈግ ነው። አቧራና የጣት ወዝ የጋረደው መገናኛ ይጠራል። ነጩን ለስላሳ ላጲስ ምረጡ፤ ሻካራው የእስክሪብቶ ላጲስ ወርቁን ይልጠዋል። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። (በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል፤ ይህን ልማድ ፈጽሞ አልወደውም።)

ላጲስ ሁሉን አይፈውስም። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ገመድ ካልደረሰው በደንብ አይሠራም። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ከተበተነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ብየዳው ተጎድቷል፤ እዚያ ላጲስ ምን አቅም አለው?

ቢሆንም ሻጩን ከመውቀሳችሁ፣ ካርዱንም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ፈግፍጋችሁ ሞክሩት።