«ቁጥሩ ገጥሟል» ሲሉ ምን እያሉ ነው?

ቤታችሁ መኪና ካለ እስቲ ሊብሬውን ተመልከቱት። የሻንሲ ቁጥር እና የሞተር ቁጥር የሚሉ ሁለት ቦታዎች ታገኛላችሁ። መኪናው ተሸጦ ስም ሲዛወር ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ከገጠመ አለቀ።

አሜሪካ ውስጥ የቆዩ መኪኖችን በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ይሄው ማመሳከር ትልቅ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። «ቁጥሩ የገጠመ» ማለት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለትን ሞተር እስካሁን ይዟል ማለት ነው። እንዲህ የተባለ መኪና ሞተሩ ከተቀየረበት መንትያው በእጅጉ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል። እኔ ግን በዚህ አባባል ላይ ቅሬታ አለኝ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ታሪክ ቢነግሯችሁ ታምኗቸው ይሆናል፤ አስቀድመው ተማክረው ከሆነስ? ቁጥሮችም እንደ ምስክር ናቸው። መስማማታቸው ዋጋ የሚኖረው ሳይማከሩ ከተስማሙ ብቻ ነው።

አንድ መኪና ወስደን እንየው፤ የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መለያ ቁጥሩ 13 ቦታ አለው፤ ለምሳሌ 124379 ብሎ ይጀምርና አንድ የላቲን ፊደልና ስድስት አሃዞች ይከተላሉ። 1 ማለት ሸቭሮሌት፣ 24 ማለት ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ (ባለ ስድስቱ 23 ነው)፣ 37 ማለት ጣሪያው የማይታጠፍ ባለ ሁለት በር፣ 9 ደግሞ የሞዴሉ ዓመት ነው። ፊደሏ ፋብሪካውን ትናገራለች። «ኤን» ከሆነች ኦሃዮ ውስጥ ያለው ኖርዉድ፣ «ኤል» ከሆነች ካሊፎርኒያ ያለው ቫን ናይስ። ስድስቱ አሃዞች ከ500001 የሚጀምር ተራ ቁጥር ናቸው።

ደስ የሚል ሥርዓት ነው፣ አይደል? ግን የጎደለውን ተመልከቱ። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ዚ-28 የሚባለውን ካማሮ ነው። ለውድድር የታሰበ፣ 302 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለው መኪና ነው። ይህ ቁጥር ግን ስለ ዚ-28 አንድም ቃል አይናገርም። ስለዚህ ተራውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ «ዚ-28 ነው» ብሎ መሸጥ የፈለገ ሰው መለያ ቁጥሩን መነካካት እንኳ አያስፈልገውም። የሞዴሉ ስም ያለበትን ጌጥ ይለጥፍና ሞተር ይቀይራል።

ለዚህ ነው ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ የሚጠየቀው። የሞተሩ ብሎክ ሦስት ምልክቶች አሉት፤ ሦስቱም የተጻፉት በተለያየ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ አብሮ የሚወጣ፣ ከፍ ብሎ የሚታይ ቀን ነው። «ኤ» 8 9 ካለ ጃንዋሪ 8፣ 1969 ማለት ነው፤ ፊደሏ ወሩን ትቆጥራለች። ሁለተኛው ሞተሩ ተገጣጥሞ ሲያልቅ በመምቻ የተመታ ነው። «ቪ» 0115 «ዲዚ» ካለ፣ በፍሊንት ፋብሪካ ጃንዋሪ 15 የተገጣጠመ የዚ-28 ሞተር ነው። ሦስተኛው የሚመታው ሞተሩ ለአንድ የተወሰነ መኪና ሲመደብ ነው፤ የመኪናውን ዓመት፣ የፋብሪካውን ፊደልና ተራ ቁጥሩን ይደግማል።

በዚህ ላይ አራተኛ ምስክር አለ። በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ብረት ላይ የተጣበቀች ትንሽ ቆርቆሮ ቀለሙን፣ የመቀመጫውን ዓይነትና ቦዲው የተሠራበትን ሳምንት ትናገራለች። 02 «ኤ» የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

አሁን ማሰብ ትችላላችሁ። ብረቱ ጃንዋሪ 8 ፈሰሰ፣ ሞተሩ ጃንዋሪ 15 ተገጣጠመ፣ ቦዲው ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ተሠራ። ቅደም ተከተሉ ያስኬዳል። ብሎኩ ላይ ያለው ቀን ግን ማርች ቢሆንስ? ሌላው ቁጥር ሁሉ ቢገጥም እንኳ አንድ ሰው ዋሽቷል፤ ሞተር መኪናው ከተሠራ በኋላ ቀልጦ መኪናው ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ከቁጥሩ መመሳሰል ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። አጭበርባሪ ተራ ቁጥሩን መድገም አያቅተውም፤ ሁሉንም ቀኖች ማስታረቅ ግን ይከብደዋል።

ያቅተዋል አላልኩም። ቁጥር መምቻ ብረት ማንም ገዝቶ ሊይዝ ይችላል፤ ትንሿ ቆርቆሮም ተመስላ ትሠራለች። ሁለቱ የተመቱ ምልክቶች ያሉበት ጠፍጣፋ ቦታ ቴስታታው ከሚያርፍበት ገጽ ጋር እኩል ስለሆነ ገጹ ሲላግ አሮጌው ቁጥር አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ የተፈለገው ይመታበታል። የሚያጋልጠው የብረቱ ቆዳ ነው። የፋብሪካው ማሽን እዚያ ቦታ ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ትይዩ ጭረቶችን ይተዋል። ቁጥሩ እያለ ጭረቶቹ ከሌሉ ጠርጥሩ። ቁጥሩም ጭረቱም ከሌሉ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሞተሩ ሲጠገን ገጹ በቅንነት ተልጎ ይሆናል፤ ቁጥር የሌለው ሞተር ሁሉ የሌባ አይደለም።

«ዘመናዊው ባለ 17 ቦታ ቁጥር ይሄን ችግር አልፈታም?» ትሉ ይሆናል። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ዘጠነኛ ቦታቸው ላይ መፈተሻ አሃዝ አላቸው። ፊደሎቹ በተመደበላቸው አሃዝ ይተካሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ ከግራ ጀምሮ በ8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ይባዛል። ውጤቱ ተደምሮ ለ11 ሲካፈል ቀሪው ከዘጠነኛው ቦታ ጋር መመሳሰል አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ «ኤክስ» ይጻፋል።

ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አስራ ሰባት አንዶችን ሞክሩ። ድምሩ 89 ነው። ለ11 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ዘጠነኛው ቦታም 1 ነው። አለፈ! ሂሳቡ ጸሐፊው አንድ አሃዝ ሲሳሳት ለመያዝ የተፈጠረ እንጂ ውሸታምን ለመያዝ አይደለም። ቀመሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አጭበርባሪውም ማስላት ይችላል።

እንግዲህ ከመኪናው ውጭ ያለ ምስክር ያስፈልጋል፤ ሻጩ እጁን ሊያስገባበት የማይችል የፋብሪካ መዝገብ። ለዚያ ዘመን ካማሮ ይሄ የዕድል ጉዳይ ነው። ካናዳ ውስጥ የተሸጡት መዝገባቸው ተጠብቋል፤ አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት ግን እንዲህ ያለ የየመኪናው ሙሉ መዝገብ የለም። አንድ መስመር ላይ የተሠሩ ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ድንበር ስለተሻገረ ብቻ ማስረጃው ተረፈለት።

እሺ፣ ሁሉም ተጣራ እንበል። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ራሱስ? በ1990 ለንደን ውስጥ አንድ ፍርድ ቤት ይሄን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። መኪናው በ1929 እና በ1930 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈው፣ «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባለው ቤንትሌይ ነበር፤ የተስማሙበት ዋጋ 10 ሚሊዮን ፓውንድ። ገዢው ሐሳቡን ቀየረና «ያ መኪና አይደለም» አለ። እውነትም ለዓመታት ሲወዳደር እየተፈታ፣ እየተቀየረ፣ ትልቅ ሞተር እየገባለት ስለኖረ፣ ከ1930ው መኪና የተረፉት ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዘንግ ከእነሱ መካከል ናቸው። ዳኛው «ኦሪጅናል» ሊባል አይችልም፣ ግን «እውነተኛው» እሱ ነው ብለው ፈረዱ። ታሪኩ አልተቋረጠም፤ በዚያ ስም ሊጠራ የሚችል ሌላ መኪናም የለም። ሁለቱን ቃላት መለየታቸው ልክ ይመስለኛል። «ቁጥሩ ገጥሟል» የሚሉ ሻጮች ግን አንድ አድርገው ነው የሚሸጡልን።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ መለማመጃው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ቮልስ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የኋላውን መቀመጫ አንሡ። መሃል ላይ ባለው ጉብታ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ከ1965 እስከ 1969 ላሉት ሞዴሎች ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ ሦስተኛው ዓመቱን ይናገራል፣ 117 ብሎ ከጀመረ የ1967 ሞዴል ነው። ቀጥሎ ከኋላ ዲናሞው ስር ያለውን የሞተር ቁጥር እዩ። በ«ዲ» ከጀመረ 1200፣ በ«ኤፍ» 1300፣ በ«ኤች» 1500 ነው። «ኤዲ» ብሎ ከጀመረ ግን ለ1971 ሞዴል የመጣው 1600 ነው፤ የ1967 መኪና ያን ሞተር ይዞ ከፋብሪካ ሊወጣ አይችልም። ለባለቤቱ ግን ዳገት ላይ ሳይሻለው አይቀርም።