ዋልያ ካልታሰበበት ሲገኝ

ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ካስተዋወቀው ጀምሮ የሚነገርለት የገደል ፍየል መሆኑ ነው፤ ልክም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም የተመልካቹን ዓይን ገደሉ ላይ ቸክሎ ያስቀረዋል። ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሳንቃበርን አልፎ ጨነቅ የደረሰ እንግዳ ከገደሉ አፍ ቆሞ ቁልቁል ብቻ ሲያማትር፣ አንድ አውራ ዋልያ ከጀርባው፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጓሳው መሃል ሲግጥ ሊቆይ ይችላል። እንግዳው ዞሮ ቢያይ ኖሮ መነጽር እንኳ ባላስፈለገው ነበር።

በፍለጋው የበሰለ ሰው ከእንስሳው በፊት የእንስሳውን ማምለጫ ይፈልጋል። ዋልያ በሜዳ ሩጫ አይተማመንም፤ መተማመኛው ሰውም ውሻም ተከትሎት የማይወርድበት ቁልቁለት ነው። የሰኮናው ዳር ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስለስ ያለ በመሆኑ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል። ስለዚህ የቱንም ያህል ወደ ሜዳ ቢወጣ ከገደሉ ብዙ አይርቅም። ዋልያ «ያልታሰበ» ቦታ ላይ ተገኘ ሲባል አካባቢው በጥንቃቄ ቢታይ፣ ቅርብ የሆነ አንድ ሸለቆ ወይም ስንጥቅ ይገኛል። የግጭ አምባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሩቅ ሲያዩት በጓሳና በጅብራ የተሞላ ደልዳላ ሜዳ ነው፤ ሲራመዱበት ግን መሬቱ በድንገት ያልቃል። ሜዳውን ሁሉ ማሰስ ያደክማል። የሜዳውን ጠርዝ ተከትሎ ወደ ውስጥ የገቡትን ስርጓዶች አንድ በአንድ ማየት ግን ፍሬ አለው።

ከገደሉ ለምን እንደሚወጣ ያወቀ የት እንደሚወጣም ይገምታል። አንደኛው ምክንያት ፀሐይ ነው። ትልቁ ገደል ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ሌሊት ውርጭ ያቀዘቀዘው የገደሉ ፊት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። በእነዚህ ወራት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መታየት ያለባቸው የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትነካቸው፣ ወደ ምሥራቅ የዞሩ አፋፎች ናቸው። ከጥላው ወጥቶ ጎኑን ለፀሐይ የሰጠ ዋልያ እንደ ድንጋይ ረግቶ ይቆማል። ያለ እንቅስቃሴ የቆመን እንስሳ ማየት ደግሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሣር ነው። እዚህ ላይ የዋልያው ነገር ከሰው ኑሮ ጋር ይያያዛል። ከብት ቀኑን ሙሉ በሚውልበት ሜዳ ዋልያ ብቅ የሚለው እረኛው ሳይመጣ ወይም መንጋው ወደ በረት ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አያት ቅድመ አያት የኖሩበትን ቀዬ መልቀቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳያስቡ ስለዚያ ሜዳ መጻፍ አይገባም። ለተመልካች ግን እረኛና ከብት ይመላለስበት የነበረው ዳርቻ ጸጥ ሲል እንደ አዲስ መታየት ያለበት ቦታ ይሆናል። በገደሉ አፍ የሚገኝ የገብስ ማሳም እንዲሁ ነው። ዋልያ ማሳ ዳር ከመጣ ቀድሞ የሚያውቀው ሌሊት ሰብሉን ሲጠብቅ የሚያድረው ገበሬ ነው። እኚህን አባት ቀርቦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጊዜ ወስዶ መጠየቅ ሦስት ቀን በመነጽር ከመንከራተት ይበልጣል።

ሦስተኛውን ምክንያት፣ ጨውን፣ ከሁሉ አጉልተው የሚያሳዩት የአልፕስ ተራሮች ናቸው። በሰሜን ጣሊያን በሚገኘው የቺንጂኖ ግድብ የዋልያ ዘመድ የሆነው የአልፕስ የዱር ፍየል ቀጥ ብሎ የቆመውን የድንጋይ ግንብ ወጥቶ፣ ከድንጋዮቹ መሃል የሚወጣውን ጨዋማ ነገር ይልሳል። ሰው የሠራው ግንብ ለእርሱ ጨው ያለው ሌላ ገደል ነው። የሣሩንና የማምለጫውን ነገር ደግሞ በእስራኤል ደቡብ የምትገኘው ሚጽፔ ራሞን ታሳያለች፤ የኑቢያ የዱር ፍየሎች በከተማዋ መንገዶች ይዘዋወራሉ፤ የግቢ ሣርም ይግጣሉ። ለጎብኚ ይህ ያስደንቃል፤ ከተማዋ የተሠራችው ግን በግዙፉ የራሞን ጎድጓዳ አፋፍ ላይ ነው፤ ማምለጫው ከመንገዱ ዳር ነው።

ማየቱ ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። ጀማሪ ሙሉ ዋልያ ይፈልጋል፤ ሙሉ ዋልያ ግን በአስታ ጥሻ ውስጥ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ቁራጩ ነው። አስታውም ጅብራውም ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸው አግድም የተሰመረ መስመር ከታየ የእንስሳ ጀርባ ሊሆን ይችላል። የወንዱ ቡናማ ቀለም ከድንጋዩ ጋር ቢመሳሰልም የሆዱ ንጣትና ነጭና ጥቁር የሆኑት እግሮቹ ያጋልጡታል። ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው፣ ወደ ኋላ የሚቆለመመው ቀንዱም እንዲሁ። ሴቷ ትንሽ፣ ቀለሟ ፈዘዝ ያለ፣ ቀንዷም ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። ከስሪያው ወቅት ውጪ ወንዶቹ ለብቻቸው ተሰብስበው ከሴቶቹ ይልቅ ወደ ገላጣ ስፍራ ይደፍራሉ። ግልገል የያዘች ሴት ግን ከገደሉ አትለይም። ስለዚህ ሜዳ ላይ የታየው መንጋ የወንዶች ብቻ ቢሆን ሊያስገርም አይገባም፤ ሴቶቹ ከታች ባለው እርከን ይፈለጋሉ።

ሲቀርቡት ነፋሱን ማወቅ ግድ ነው። ገና ሳይነጋ ቀዝቃዛው አየር ከአምባው ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከአፋፉ የቆመ ሰው ጠረን ከታች ያለው ዋልያ ዘንድ ይደርሳል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው ነፋሱ ተገልብጦ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ከላይ ሆኖ መመልከት ይመቻል። ይህ ምቹ ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ያው ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ጉሙን ይዞ ይመጣና ገደሉን ይሸፍነዋል። ጉም ሲመጣ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። መቀመጥ ይሻላል። ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ ዋልያው ቅድም ካልነበረበት ቦታ ቆሞ ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚንከባለል ጠጠር ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ድንገት ሲሸሽም አካባቢውን ማየት ተገቢ ነው፤ ጭላዳን ያስደነገጠ ነገር ዋልያንም ከተደበቀበት ያስነሣል።

በሩቅ የሚሳሳቱበት ነገር ብዙ ነው። የደረቀ የጅብራ ግንድ፣ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤት ፍየል ያሳስታሉ። የቤት ፍየል በጠጠር መሰል ፋንድያውም በኮቴውም ከዋልያ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከብት በሚደርስበት ቦታ በፋንድያ ብቻ «ዋልያ አለ» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው፤ እንስሳው ራሱ መታየት አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ለቆጠራ ሥራ ዋጋ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ወደ መዝገቡ በመግባቱም ከመዝገቡ በመውጣቱም የዋልያው ቁጥር ድርሻ ነበረው። ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ ለሚቆጠር እንስሳ ከመንገድ ማዶ ሳይታዩ የቀሩ አሥር ወንዶች ቀላል አይደሉም፤ ከሁለት አፋፍ ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ አሥርም እንዲሁ። ቆጣሪዎች ሸለቆውን በሁለት በኩል ይዘው በተመሳሳይ ሰዓት ሊመለከቱ፣ ጾታና ዕድሜን ለይተው ሊጽፉ፣ ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን ራቁት ድንጋያማ ተዳፋትም «እዚያ ምን ይሠራል» ብለው ሳይተዉ ሊያዩት ይገባል። መንጋው አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ተመልካቹ ካፈጠጠ የመቅረቢያው ርቀት አልቋል፤ ያየውን ጽፎ በመጣበት መመለስ ነው።